እርም ማለትና እርም መጠበቅ

በእንጅባራና በዙሪያዋ ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች፣ ብርዱ በክረምት ሳይወሰን በበጋውም ንጋት አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት አገር፣ አረቄ ከመጠጥነቱ አልፎ እንደ ጋቢ ያለ የብርድ መከላከያ ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ማለዳ አንድ መለኪያ ጨልጦ ወደ እርሻው ወይም ወደ ከሰል ክምሩ የሚሄደውን ሰው ሰካራም የሚለው የለም። ታዲያ ይህ ልማድ ጤናውንም ቤቱንም እንደ በላበት አንድ ቀን የተገለጠለት ሰው «እቀንሳለሁ» አይልም፤ «ከዛሬ ጀምሮ እርም ይሁንብኝ» ይላል እንጂ። ይህች አጭር ቃል ከየት እንደ መጣችና ምን ያህል ሥርዓት ተሸክማ እንደ ነበር መመርመር ተገቢ ይመስለኛል፤ እኛ ቃሉን ይዘን ሥርዓቱን ጥለናልና።

በግእዝ «ሐረመ» ማለት ከለከለ፣ ለየ፣ አወገዘ ማለት ሲሆን፣ የተከለከለው ነገር «ሕርም» ይባላል፤ አማርኛችንም ሐመሩን ሐ አላልቶ «እርም» አለው። ከዓለም ተድላ ራሱን የለየው መናኝ «ተሐራሚ» መባሉ ከዚሁ ሥር ነው፤ የዐረብኛውም «ሐራም» የሥጋ ዘመዱ ስለ ሆነ፣ በዳንግላ ገበያ ጐን ለጐን የሚነግዱት ክርስቲያንና ሙስሊም በዚህ ነገር ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። በመጽሐፈ ኢያሱ እንደ ተጻፈው ኢያሪኮ በውስጧ ካለው ሁሉ ጋር እርም በሆነች ጊዜ፣ አካን የተባለው ሰው ካባና ብር ወርቅም ሰርቆ በድንኳኑ ቢቀብር፣ በደሉ የእርሱ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሕዝቡ በሞላ በጋይ ከተማ ፊት ድል ሆነ። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ አንድ ሰው ለብቻው በልቡ የሚወስነውን ውሳኔ ሳይሆን ማኅበር በሙሉ የሚጠየቅበትን ክልክል ያመለክት እንደ ነበር ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚሁ ነገር «ቀዝቃዛ ተርኪ» የሚል ፈሊጥ አላቸው፤ ተርኪም በአሜሪካ ለበዓል የሚታረደው ትልቅ ወፍ ነው። አባባሉ የአደንዛዥ ዕፅ ሱስን በአንድ ጊዜ ለመቍረጥ ሲነገር በ1921 እ.ኤ.አ. በካናዳ በታተመ ጋዜጣ ላይ ይገኛል። ሱሰኛው ሲያቆም ቆዳው እንደ ተነጨ ወፍ ስለሚሆን ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ያለ ማድበስበስ በግልጥ መናገርን «ተርኪ ማውራት» ይሉት ስለ ነበር፣ የቆዳው ትርጓሜ ዘግይቶ የተለጠፈ ይመስላል። ወፊቱ ያለ ምስክር ያለ መሐላ ትነገራለች፤ የእኛው ቃል ግን ካህን ይፈልጋል።

በቀደመው ልማድ እርም ያለው ሰው ነገሩን ወደ ንስሐ አባቱ ያደርስ ነበር፤ ካህኑም ይገዝተዋል፣ ግዝቱንም ቤተሰቡና ጐረቤቱ ይሰማል፤ የተገዘተውን ሰው «ለዛሬ ብቻ ቅመስ» ብሎ መጋበዝ ለጋባዡም ኃጢአት ስለሚሆን መለኪያው ከፊቱ ይነሣል። ቢደክም ቢወድቅም የሚሄድበት በር አለው፤ ማሠር የተሰጠው ካህን መፍታትም ተሰጥቶታልና፣ ቀኖናውን ፈጽሞ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብሎ እንደገና ይጀምራል። በለቅሶም ያው ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ሞቶበት ያላለቀሰ ሰው እርም እንዳለበት ይቈጠራል፣ ከወገን ጋር አልቅሶ ሲጨርስም «እርሙን አወጣ» ይባላል። መግቢያውም መውጫውም በሰው ፊት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ከልክለው የጣሰውን በአካሉ ላይ ይቀጡ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ይህ ግን ከላይ የተጫነ ፍርሃት ስለ ሆነ ከእርም ጋር የምቀላቅለው አይደለም።

ዛሬ እርም የሚባለው በራስ ምታት ማለዳ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል፣ ሰውየውም «እርም የለሽ» ተብሎ ይሣቅበታል። ሊመሰክሩለት የሚገባቸው የጽዋ ማኅበርተኞቹ ራሳቸው ቀድተው የሚያጠጡት መሆናቸውን ሳስብ ሣቁን ፍትሐዊ ሆኖ አላገኘውም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከልክሏል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰውም እንዳይሸጥ አዟል፤ መልካም አድርጓል፤ ነገር ግን በጐረቤት ማድጋ የሚወጣው ዳግም አረቄ መቼ ማስታወቂያ ፈልጎ ያውቃል?

በአንድ ጊዜ መቍረጥ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ወደ 700 የሚጠጉ አጫሾችን ለሁለት ከፍለው ባስተያዩበት ጥናት፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ባንድ ቀን ካቆሙት 49 በመቶ፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት ደግሞ 39 በመቶ ጸንተው ተገኝተዋል። የአባቶቻችን ዘዴ በትምባሆ ረገድ ተመስክሮለታል ማለት ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ነርስ እየመከራቸው፣ የኒኮቲንም ምትክ እየተሰጣቸው እንጂ ብቻቸውን ተጥለው እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም።

አረቄ ግን ከትምባሆ የተለየ ጠባይ አለው፤ ክርክሬም እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በመጠጡ ተጭኖ የኖረው አንጎል ልጓሙ እንደ ተፈታለት ይነሣል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ከ6 እስከ 48 ባሉት ሰዓቶች ውስጥ እንደሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፈው አለ፤ በሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀንም የሌለ ነገር እያየ፣ ትኵሳት እየለበለበው የሚቃዥ አለ፤ ይህም ካልታከመ ይገድላል። ሐኪም ዘንድ ግን ማስታገሻው በልክ ተሰጥቶት፣ ቫይታሚን ቢ1 ተጨምሮለት በጥቂት ቀናት ይሻገረዋል። ቤተ ዘመድ ይህን ባለማወቅ ሰውየውን በቤት ዘግቶ ወይም እህል እንኳ ሳይቀምስ ወደ ጠበል ወስዶ የሚቃዠውን ሁሉ ለርኩስ መንፈስ ሲሰጥ ይታያል፤ ጠበሉን የምነቅፍ አይደለሁም፣ ሕክምናውን ማስቀደም ግን ሃይማኖትን አያጐድልም።

ስለዚህ የእርም ሥርዓት እንዲመለስ፣ ነገር ግን እውቀት ተጨምሮበት እንዲመለስ እሻለሁ። ማኅበርተኛው እርም ላለ ወንድሙ ጽዋውን በብርዝ ይለውጥለት፤ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ተደራጅቶ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ብዙ ሺሕ ሰው በእንጅባራ የሚያሰባስበው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በመሰለ አደባባይም ነገሩ ይነገር። የንስሐ አባትም ግዝቱን ከማሰማቱ በፊት «ልጄ፣ ጠዋት ሳትጠጣ እጅህ ይንቀጠቀጣልን?» ብሎ ይጠይቅ፤ «አዎን አባ» ከተባለ፣ መስቀሉን አሳልሞ አስቀድሞ ወደ ሆስፒታል ይላከውና ግዝቱን ከሕክምናው በኋላ ባለው እሑድ ያድርገው።