በወደቁበት ሜዳ መነሣት

ተማሪዎች ሆይ! አንድ ሰው በአደባባይ ተሳስቶ ቢቀጣ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሕይወቱን ሁሉ በዚያች ስሕተት ልንመዝነው ይገባናልን? ብዙዎቻችን በቃል «አዎን» ብለን ባንመልስም በተግባር ግን እንደዚያው እናደርጋለን። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» የተባለውም ይህን ጠባያችንን በመመልከት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ጥፋትን መቅጣት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ለዘለዓለም መኰነን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቅጣት ለተፈጸመው ጥፋት የሚከፈል ዋጋ ሲሆን ልክና መጠን አለው። የሰው ማንነት የሚታወቀው ግን ቅጣቱን ከተቀበለ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው። ለዚህ አስተያየቴ ማስረጃ አድርጌ የማቀርብላችሁ የኢንዶኔዥያዊቷን የባድሚንተን ተጫዋች የግሬሲያ ፖሊን ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ባድሚንተን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ጨዋታ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሜ ጥቂት ላስረዳ። ሜዳው 13 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው፤ ለጥንድ ውድድር ሲሆን ወርዱ 6 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ነው። በመካከሉ መረብ ይዘረጋል። ተጫዋቾቹ ራኬት በሚባለው መምቻ የሚመቷት ኳስ 16 ላባዎች የተሰኩባት ስትሆን ክብደቷ 6 ግራም እንኳ አይሞላም። ኳሷ በተጋጣሚ ሜዳ ላይ ስታርፍ ነጥብ ይቈጠራል፤ በመሠረቱ 21 ነጥብ ቀድሞ ያገኘ ዙሩን ይወስዳል፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈም ግጥሚያውን ይረታል። በጥንድ ውድድር ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ወገን ይሰለፋሉ። አንዷ ወደ መረቡ ስትጠጋ ሌላዋ የኋላውን ትጠብቃለች። አንዷ ብትዘናጋ የሁለቱም ድካም ከንቱ ይሆናል።

በኢንዶኔዥያ ይህ ጨዋታ እጅግ የተወደደ ነው። ባድሚንተን በ1992 በባርሴሎና የኦሎምፒክ ሜዳልያ የሚያሰጥ ውድድር በሆነ ጊዜ፣ ሱሲ ሱሳንቲ በሴቶች ነጠላ ውድድር አሸንፋ ለአገሯ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አስገኘች። ግሬሲያ ያን ጊዜ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት የቀሯት ሕፃን ነበረች። የተወለደችው በ1987 በጃካርታ ነው። በልጅነቷ ራኬት ጨብጣ፣ በጃካርታ በጃያ ራያ ክለብ ሠልጥና፣ የጥንድ ተጫዋች ሆና የአገሯን ስም ይዛ ለመሰለፍ በቃች።

በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ ግሬሲያ የቀረበችው ከሜይሊያና ጃውሃሪ ጋር ተጣምራ ነበር። በዚያ ውድድር ጥንዶቹ በቅድሚያ በየምድባቸው እንዲጋጠሙ፣ ከየምድቡም ሁለት ሁለት ጥንዶች ወደ ሩብ ፍጻሜ እንዲያልፉ ተደርጎ ነበር። ይህ ሥርዓት አንድ ጕድለት ነበረበት፤ ይኸውም ማለፉን ያረጋገጠ ጥንድ ቀጥሎ ከማን ጋር እንደሚገናኝ አስልቶ፣ ከማሸነፍ ይልቅ መሸነፍ የሚጠቅመው ጊዜ መኖሩ ነው። ጁላይ 31 ቀን የቻይናዎቹ ዋንግ ሲያዎሊና ዩ ያንግ፣ ከሌላው የአገራቸው ጥንድ ጋር ከፍጻሜው በፊት ላለመገናኘት ሲሉ ሆን ብለው ተሸነፉ። በዚህም የተነሣ ኃይለኛው ጥንድ ባልተጠበቀ ስፍራ ተገኘ። ከእነርሱ ለመሸሽ ደግሞ ግሬሲያና ሜይሊያና በአንድ ወገን፣ አንድ የደቡብ ኮርያ ጥንድ በሌላው ወገን ሆነው በመሸነፍ ይሽቀዳደሙ ጀመር። ኳሷ ሆን ተብሎ ወደ መረቡና ከሜዳ ውጭ ተላከች። ተመልካቹ በጩኸት ተቃወመ፤ ዳኛውም አስጠነቀቀ። በማግሥቱ የዓለም የባድሚንተን ፌዴሬሽን አራት ጥንዶችን፣ ማለትም ስምንት ተጫዋቾችን፣ ከውድድሩ አሰናበተ። ግሬሲያም ከእነርሱ አንዷ ነበረች።

አንዳንድ ሰዎች «ጥፋቱ የሥርዓቱ እንጂ የተጫዋቾቹ አይደለም» ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። በእርግጥ ሥርዓቱ ጕድለት እንደነበረው ፌዴሬሽኑ ራሱ በሥራ አሳይቷል፤ በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ በየምድቡ ሁለተኛ የወጡት ጥንዶች ተጋጣሚያቸው እንደገና በዕጣ እንዲለይ አድርጓልና። ነገር ግን የደንብ ቀዳዳ መኖሩ በቀዳዳው መሹለክን ትክክል አያደርገውም። ተመልካቹ የመጣው ሁለቱም ወገን በሙሉ ኃይሉ ሲታገል ለማየት ነው። ስለዚህ ቅጣቱ ተገቢ ነበር እላለሁ። ለግሬሲያ አዝኜ ጥፋቷን ብሸፍን፣ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ሁሉ ትርጕም ያጣል።

ታዲያ ምን አደረገች? ወደዚያው ሜዳ ተመለሰች። ከኒትያ ክሪሺንዳ ማሄስዋሪ ጋር ተጣምራ በ2014 በኢንቼን በተደረገው የእስያ ጨዋታ የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። ኢንዶኔዥያ በእስያ ጨዋታ የሴቶች ጥንድ ወርቅ ካገኘች 36 ዓመት አልፎ ነበር። በ2015 በዓለም ሻምፒዮና የነሐስ ሜዳልያ ተቀበሉ። በ2016 በሪዮ ግን ሩብ ፍጻሜ ላይ ተሸንፈው ወጡ፤ ቀጥሎም ኒትያ በጉልበቷ ሕመም ምክንያት ከሜዳ ራቀች። ግሬሲያ ዕድሜዋ ወደ 30 ተቃርቦ፣ ጓደኛዋንም አጥታ፣ ጨዋታን ለማቆም አሰበች። አሠልጣኟ ኤንግ ሂያን ግን ጥቂት ታግሣ ወጣቶቹን እንድትረዳ ጠየቃት። እርስዋም እሺ አለች።

በ2017 ከጎኗ የተሰለፈችው ከሱላዌሲ ደሴት የመጣችው አፕሪያኒ ራሃዩ ናት። በዕድሜ ወደ 11 ዓመት ገደማ ታንሳታለች። ልብ በሉ! ታላቂቱ ለራሷ ክብር ብቻ ብታስብ ኖሮ ገና ያልበሰለች ልጅ አጠገቧ ባላቆመች ነበር። ሁለቱ በ2018ና በ2019 በዓለም ሻምፒዮና የነሐስ ሜዳልያ አገኙ። በኋላም ለ2020 ታቅዶ በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ በቅድሚያ ደረጃ ከተሰጣቸው ጥንዶች መካከል ሳይሆኑ፣ እስከ ፍጻሜ ደረሱ። በፍጻሜው ግጥሚያ ኳሷ በአየር ላይ ስትመላለስ የግሬሲያ ራኬት ተበላሸባት። ሌላ ራኬት ለማንሣት ወደ ሜዳው ዳር ስትሮጥ አፕሪያኒ ብቻዋን ሜዳውን ጠበቀች፤ ግሬሲያም ተመልሳ ነጥቡን በጋራ ወሰዱ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ማለት ይህ ነው። ኦገስት 2 ቀን የቻይናዎቹን ቼን ቺንግቸንንና ጅያ ዪፋንን 21 ለ19 እና 21 ለ15 በሆነ ውጤት ረትተው፣ ለአገራቸው በሴቶች ጥንድ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አስገኙ። ግሬሲያ ያን ጊዜ የ33 ዓመት ሴት ነበረች። በ2022፣ ጁን 12 ቀን፣ በጃካርታ በኢስቶራ አዳራሽ በወገኖቿ ፊት ጨዋታን ተሰናበተች።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። «ወርቅ ስላገኘች አመሰገንካት፤ ባታገኝስ ኖሮ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔም መልስ እንዲህ ነው፤ ወርቁ ለድካሟ የተሰጠ ዋጋ ነው እንጂ የመታረሟ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው በለንደንና በቶኪዮ መካከል ያለፉት ዘጠኝ ዓመታት ናቸው። በእነዚያ ዓመታት የነበሩት ልምምዶች፣ ሽንፈቶችና የጓደኛ መለየት ማንም ሜዳልያ የሚሰጥባቸው አልነበሩም። ኒትያ የኦሎምፒክ ወርቅ አላገኘችም፤ ነገር ግን ያለ እርስዋ ግሬሲያ ከ2012 ውድቀት በኋላ ያን ያህል መነሣት በቻለች ነበር ብዬ አላምንም። እንግዲህ ከውድቀት መነሣት የሚመዘነው በመጨረሻው ሽልማት ሳይሆን በየዕለቱ በሚሠራው የቅን ሥራ ነው።

ይህ ነገር ከእናንተ ሕይወት የራቀ አይምሰላችሁ። በክፍላችሁ ውስጥ በፈተና ጊዜ ከጓደኛው ሲገለብጥ ተይዞ ዜሮ የተሰጠው ተማሪ ይኖር ይሆናል። ዜሮው ተገቢ ነው፤ መምህሩም ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ያ ተማሪ ሌሊት አጥንቶ፣ ላቡን አንጠፍጥፎ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ፣ «መቼም ገልብጦ ነው» ብላችሁ ብትሥቁበት የምትቀጡት ጥፋቱን ሳይሆን ጥረቱን ነው። ጥረቱ የተቀጣበት ሰው ደግሞ ወደ ጥፋቱ ቢመለስ ምን ይደንቃል?

ምናልባትም ያ ተማሪ ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው። ቅጣትህን ያለ ማጕረምረም ተቀበል፤ ምክንያት አትደርድር፤ ነገር ግን ከሜዳው አትሽሽ። ትምህርት ቤት ለውጠህ፣ ወይም ትምህርቱን ጥለህ ስሕተትህን ልትረሳው ትችል ይሆናል፤ ልታርመው የምትችለው ግን በተሳሳትህበት ቦታ ነው። እናንተም ጓደኞቹ፣ ምሳሩን አስቀምጡና ከጎኑ ቁሙ። የጥንድ ጨዋታ የሚያስተምረን ትልቁ ነገር አንዱ ራኬቱን ሊያነሣ ሲሮጥ ሌላው ሜዳውን መጠበቅ እንዳለበት ነውና።