ከሚክስ የተቆረጠ ዘፈን
በቆቦና በራያ ቆላ ሰርግ የሚጨፈርበት የቆየ የራያ ዘፈን ዋናው ካሴት ከጠፋ፣ ዲጄው ከተቀዳ ሚክስ ላይ ቆርጦ የመግቢያውን ከበሮ ደጋግሞ ማስረዘሙ ሌብነት አይመስለኝም፤ ዘፈኑን ከመጥፋት ማትረፍ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፈቃድ ይጠይቃል የሚል ሙግት ይነሳል። እውነት ነው፤ ባለመብቱ ከተገኘ ፈቃድም ክፍያም ይገባዋል። ግን ያው አዋጅ የሥራ አመንጪውን በስሙ የመታወቅ መብትም ይጠብቃል፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ይሄኛው ነው፦ ግጥሙ መሃል የዲጄው ስም በኤኮ ይጮሃል፣ ፋይሉ «ምርጥ የራያ» ተብሎ ከስልክ ስልክ ይዞራል፣ የዘፋኙ ስም ግን የትም የለም። ቆራጩ የዘፋኙን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስም ፋይሉ ላይ ይጻፍ፤ ከሚክሱ የተቆረጠውን ያልተነካካ ቅጂም አያጥፋ፣ አንዴ በላዩ የተጫነ ኪቦርድ ከማሲንቆው ድምፅ በቀላሉ ተመልሶ አይለይምና።