ሻይ ቤት ሌላ፣ ክፍል ሌላ

በምሥራቅ ሱዳኗ ሾዋክ፣ ገበያ ዳር ሻይና ቡና የምትሸጥ አንዲት እናት ባለፈው እሑድ ትምህርት ቤት ተጠራች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጇን የሚያስተምረው ኡስታዝ ነው ያስጠራት። «ልጅሽ ኸጁላ ናት» አላት። ዓይናፋር ናት ማለቱ ነው። እጇን አታወጣም፤ ስትጠየቅ አትመልስም፤ ሰሌዳው ጋ ውጪ ስትባል የጫማዋን ጫፍ ታያለች። እናትየው መጀመሪያ በስህተት የተጠራች መሰላት። «የእኔዋ? ኧረ እሷስ ቤት ስትገባ አፏ አይከደንም!»

ወሬውን ለዚህ ዓምድ ያደረሰው የዚያ ቤት የቆየ ጠጪ ነው፤ የሻይ ጠጪ ማለት ነው። እሱ እንደሚለው ኸጁላ የተባለችው ልጅ ከትምህርት መልስ እናቷ አጠገብ በርጩማዋ ላይ ትሰየማለች። ከጭነት መኪና ሹፌሮች ጋር በዓረብኛ፣ ከእናቷ ጋር በአማርኛ፣ ከሁመራ በኩል ከመጣችው ጎረቤት ጋር በትግርኛ ትጨዋወታለች። የከሰሉን፣ የስኳሩንና የዱቤውን ሒሳብ የምትይዘው በቃሏ ነው። አንድ ሹፌር አንድ ስኒ ሊያስረሳት ቢሞክር የተቀመጠበትን ቦታና አብሮት የነበረውን ሰው ጠርታ አስከፍላዋለች ይላል።

ታዲያ ይቺ ልጅ ክፍል ስትገባ ምን ዋጣት?

ከመተማ የተሻገረችው በስድስት ዓመቷ ነው። የገበያውን ዓረብኛ ከሹፌሮቹ ለቅማዋለች፤ ኡስታዙ የሚፈልገው ግን የመጽሐፉን ነው። ደግሞ የጉሮሮው ጣጣ አለ። የአማርኛ ፊደል «ዐ»ንም «ሐ»ንም ይዟል፤ የተናጋሪው ጉሮሮ ግን ድምፃቸውን ከረሳ ቆይቷል። ዓረብኛ ደግሞ ሁለቱንም አጥብቆ ይጠይቃል። ልጅቱ አንድ ቀን ተነሥታ ስታነብ «ዐይን» የተባለው ፊደል «አ» ሆኖ ወጣ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ አንዱ ከኋላ «ሐበሺያ!» አለ። ከዚያ ወዲህ አንብቢ ስትባል ጉሮሮዋን ያማታል። ሻይ ቤት የሚመጣው ሹፌር ግን ሻዩ እስከደረሰው ድረስ የ«ዐይን» አወጣጥ ግድ አይሰጠውም።

ሾዋክ ለእንዲህ ያለ ዝምታ አዲስ አይደለችም። የጓንግና የአንገረብ ውኃ አትባራ ሆኖ በአጠገቧ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን የምሥራቁን ሥራ ያካሂድባት ስለነበር ስንቱ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ካርድ ይዞ ተሰልፎባታል። ሾዋክ ባለችበት በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ስደተኛ ያስጠለለ ሰፈር ነው፤ ኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደገና ተከፍቷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት ልጅ የማያውቀው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «ዓይናፋር» ተብሎ ይሆን?

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገብቷቸዋል። አዎ፣ ያቺው ከዚህ ቀደም እዚሁ የተነሣችው የ«ተሳትፎ 5 ማርክ» ጠብ ናት። በእኛ ትምህርት ቤቶች እጁን ያወጣ ይወስዳታል፤ ያላወጣ ያጣታል። እጁን ያወጣው ልጅ ምን እንዳለ የሚያስታውስ የለም፤ እጁ መውጣቱ ብቻ ይመዘገባል። «ማርኩ ባይኖር ማንም አይናገርም» የሚሉ መምህራን ደብዳቤ ጽፈው ነበር። መልሱ አጭር ነው፦ ማርኩ ኖሮም ያው አራት ልጆች ናቸው የሚናገሩት።

ለነገሩ ተማሪን ዝም ማሰኘት በአገር ደረጃም ተሞክሯል። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ሲመጣ፣ ማያው ላይ ያለችው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ትጠብቃለች፣ ራሷ መልሳ ታልፋለች። ልጁ «አልገባኝም» ቢል የሚሰማው ግድግዳው ነው። የክፍሉ መምህር እንኳ ከጎን ቆሞ ተመልካች ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ዓይናፋሩና ደፋሩ ልጅ እኩል ሆኑ ቢባል ሐሰት አይደለም።

ግን ሥጋ የለበሰው መምህርስ ስንት ይጠብቃል? ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በእኛ 1960ዎቹ ይህን በመቅረፀ ድምፅ ለካችው። መምህራኑ ጠይቀው የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሌላ ልጅ ይጠራሉ፣ ወይም ራሳቸው ይመልሳሉ። ትዕግሥቱ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል ግን የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ማለት ቀነሰ፣ ደካማ የተባሉትም መናገር ጀመሩ። የሾዋኳ ልጅ ደግሞ በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ጥያቄውን ወደ አማርኛ መልሳ፣ መልሱን ወደ ዓረብኛ አዙራ፣ «ዐይን» ያለበትን ቃል ዘላ ሌላ መፈለግ አለባት።

እዚህ ላይ ዓምደኛው ያልጠበቀውን ሰው ሊያመሰግን ነው፤ የኔታን። የቄስ ትምህርት ቤቱን አለንጋ የረሳ እንዳይመስላችሁ፤ ያልቀመሰውም ያውቀዋል። የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ግን ሌላ ነው። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ ተማሪው በድንገት ተነሥ ተብሎ ቅኔ አምጣ አይባልም። ከዛፍ ሥር፣ ከቅጥር ጥግ ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል፤ ቃሉን ያነሣል፣ ይጥላል። ተራው ሲደርስ ለየኔታ ይነግራል፣ እሳቸውም ያርሙታል። ጀማሪው ደግሞ የሚጠየቀው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ረጅሙ መወድስ ላይ እስኪደርስ ብዙ ይቀረዋል። የዘመኑ የማስተማሪያ መጽሐፍ «መጀመሪያ ለብቻ አስብ፣ ከዚያ ለጓደኛህ፣ ከዚያ ለክፍሉ» የሚለውን አሜሪካዊው ፍራንክ ላይማን በ1981 እ.ኤ.አ. አወጣው ይላል። የቅኔ ተማሪ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ሌላም አለ። «በቃል ማነብነብ» ተብሎ የተናቀው የጋራ ጩኸት። ፊደል ቆጣሪው ሕፃን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ሲጮኽ ድምፁ ከሌሎቹ ድምፅ ጋር ይቀላቀላል፤ ተሳሳተም አልተሳሳተም የሚስቅበት የለም። ሱዳንም ኸልዋ የሚባለው የቁርዓን ትምህርት ቤት አላት፤ ልጆቹ የእንጨት ሰሌዳቸውን ይዘው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በአንድ ጊዜ ጮኽ ብለው ያነባሉ። እዚያ ዓይናፋር የሚባል ልጅ ጫጫታው ውስጥ ተሸሽጎ ምላሱን ይፈታል። ይህ ጩኸት ማሰብን አያስተምርም የሚሉት ልክ ናቸው። አፍ ማስከፈቱን ግን ማን ተካው? ሁሉም ዝም ብሎ አንድ ልጅ ብቻውን የሚናገርበት ክፍል ለዚያ ልጅ ችሎት ነው።

በነገራችን ላይ ሙሴም አፌ አይፈታም፣ ሌላ ላክ ብሎ ነበር። «ተሳትፎ ዜሮ» አልተባለም፤ አሮን ተጨመረለት።

ወሬውን ያደረሰው የሾዋኩ ወዳጅ ይህን የመሰለ ስብከት ለኡስታዙ ሊያደርስ አስቦ ነበር። ኡስታዙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፍሉ የሞላ፣ ደመወዙ የጎደለ፣ ከሚያዝያ 2015ቱ ጦርነት ወዲህ ከሌላ ከተማ የተፈናቀሉ ልጆች የተጨመሩበት መምህር ነው። ሦስት ሰከንድ ለእሱም ብዙ ነው።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ኡስታዙ ራሱ ሻይ ሊጠጣ መጣ። ልጅቱ ብርጭቆውን አቀረበችለት፤ እሱ ጠጥቶ፣ ከወዳጅየው ጋር ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ሊሄድ ተነሣ። እሷም ብድግ አለች። «ኡስታዝ፣ የሐሙሱ ሁለት ሻይ አለ» አለችው፣ ጥርት ባለ ዓረብኛ።

ኡስታዙ ወዲያው አልመለሰም። ልጅቱም ባዶውን ብርጭቆ ይዛ፣ ምንም ሳትጨምር፣ ጠበቀችው።