አንዲት የብርሃን ቅንጣትና የቤተሰብ ምስጢር

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ልጃቸውን ወይም ወንድማቸውን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሸኙ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የሚላከው ገንዘብ ወሬውም፣ የቤተሰቡ ጉዳይም በስልክ ይመጣል። ይህ መልእክት ከመንገዱ አብዛኛውን የሚጓዘው እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስተዋት ክር ውስጥ፣ በብርሃን መልክ ነው። አማና ነውና ማንም መንገድ ላይ እንዳይከፍተው ይቆለፋል። በዛሬው ዓምዳችን ስለዚሁ ቁልፍ እንጨዋወታለን።

የዛሬው ቁልፍ የቆመው በከባድ ሒሳብ ላይ ነው። ሆኖም ፒተር ሾር የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ ነገር አሳዩ፤ ኳንተም ኮምፒውተር የሚባለው መሣሪያ በበቂ መጠን ቢሠራ ከእነዚህ ቁልፎች ብዙዎቹን ሊፈታ ይችላል። ያን ያህል ትልቅ መሣሪያ ገና አልተሠራም። ነገር ግን ዛሬ የተሰረቀ መልእክት ተቀምጦ ነገ ሊከፈት ስለሚችል ጥንቃቄው ከአሁኑ ተጀምሯል።

ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳር በሒሳብ ፈንታ በብርሃን ጠባይ ላይ የቆመ ዘዴ አቅርበው ነበር። ብርሃን ፎቶን ከሚባሉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ላኪው የቁልፉን ቁጥሮች በእያንዳንዱ ፎቶን ላይ ይጭናል። ሰላይ መንገድ ላይ ሊያነባቸው ቢሞክር ያዛባቸዋል፤ ትክክለኛ ቅጂ ሊያወጣላቸውም አይችልም። ላኪና ተቀባይ ከቁጥሮቹ ጥቂቱን ሲያመሳክሩ ስሕተቱ ከበዛ ሌባ እንደገባ ያውቃሉ፤ ያንን ቁልፍ ጥለው ሌላ ያዘጋጃሉ።

ለዚህ ግን ፎቶኖቹ አንድ በአንድ መሄድ አለባቸው። ሁለት አንድ ዓይነት ፎቶኖች አብረው ከወጡ ሰላዩ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ያሳልፋል፤ ማንም አያውቅበትም።

ታዲያ አንድ ፎቶን ብቻ ከየት ይገኛል? 1 ዋት አረንጓዴ ብርሃን በአንድ ሰከንድ ከ2 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ፎቶን ይረጫል። የሌዘር ብርሃን እጅግ ቢደበዝዝ እንኳ ጤፍ በጣት ቆንጥሮ እንደ መበተን ነው፤ አንዳንዴ አንዲት፣ አንዳንዴ ሁለት ትወጣለች፣ አንዳንዴም ምንም አይወጣም። አንዲት ሞለኪውል ግን ከዚህ ትለያለች። ከቦኖ ውኃ የምትቀዳና አንድ ጀሪካን ብቻ ያላት ልጅ የሞላውን ሳትገለብጥ ሁለተኛ አትቀዳም። ሞለኪውሏም በሌዘር ስትመታ ጉልበት ትሞላለች፤ በጥቂት የሰከንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ አንድ ፎቶን ለቅቃ ባዶ ትሆናለች፤ እንደገና የምትሞላው ከዚያ በኋላ ነው።

ዊሊያም ሞርነርና ሎታር ካዶር በክሪስታል ውስጥ የተቀመጠችን አንዲት ሞለኪውል ለመጀመሪያ ጊዜ የለዩት እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ነው። በዓመቱ ሚሼል ኦሪና ዣኪ በርናር ፈረንሳይ ውስጥ ከአንዲት ሞለኪውል የሚወጣውን ብርሃን አዩ። በ2000 ደግሞ ብራሂም ሉኒስና ሞርነር ተሪሊን የተባለችው ሞለኪውል በተፈለገች ጊዜ አንድ አንድ ፎቶን እንድትሰጥ አደረጉ፤ ያውም ያለ ማቀዝቀዣ። ተሪሊን የተሠራችው ከ30 የካርቦንና ከ16 የሃይድሮጂን አቶሞች ብቻ ነው። ሞርነር በ2014 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት 3 ሊቃውንት አንዱ ናቸው።

ሥራው ግን አላለቀም። ኳንተም ኮምፒውተር በብርሃን ለመሥራት ፎቶኖቹ ፍጹም ተመሳሳይ መሆን አለባቸው፤ ለዚህም ሞለኪውሏን ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ገደማ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ፎቶኖቹ በየአቅጣጫው ስለሚበተኑም ሰብስቦ ወደ ክሩ ማስገባት ራሱን የቻለ ድካም ነው።

«ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው» የሚል ወጣት ይኖር ይሆናል። ከ1 ሺህ ዓመት በፊት ኢብኑል ሀይሠም በካይሮ ሆነው፣ የምናየው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይናችን ስለሚመጣ መሆኑን በሙከራና በሒሳብ አስረድተዋል። በአገራችንም ዶክተር ፍሥሐ ካሳሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኳንተም ኦፕቲክስ አስተምረዋል፤ በዚሁ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2008 መጽሐፍ አሳትመዋል። እንዲህ ያለው ጥናት በብዛት የሚሠራው በወረቀትና በእርሳስ ነው። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕና ደጃችን ላይ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው ሒሳብና ፊዚክስን ሳይሰለቹ መማር ነው።

ወላጆችም አንድ ነገር ያዙልን። ከዚህ ሁሉ የረቀቀው ቁልፍ እንኳ የሚጠብቀው መንገዱን ነው፤ ደጁን አይደለም። ደዋይ «ከባንክ ነኝ» ብሎ ምስጢር ቁጥር ሲጠይቅ አውጥቶ የሚነግረውን ሰው የትኛውም ፎቶን አያድነውም። ፎቶን በሌባ እጅ ሲነካ ምልክት ያሳያል፤ ከአንደበት የወጣ ምስጢር ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ቁጥሩን ለማንም አለመንገርን ለልጆቻችንም ለአያቶቻቸውም ዛሬውኑ እናስተምር።

ወላሁ አዕለም።