ቀጠሮ አይደለም፤ ተራ ነው

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2006 ናይሮቢ ውስጥ የትርጉም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ወይዘሮ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ደብዳቤው የአሜሪካ ዜግነት ያለው ወንድማቸው በ2003 ያስገባላቸው የቤተሰብ ማመልከቻ መጽደቁን የሚያበስር ነበር። ከስማቸው አጠገብ «ፕራዮሪቲ ዴት» የሚል ቃልና አንድ ቀን ሰፍሯል። እኔም ብዙ ሳልጨነቅ «የቀጠሮ ቀን» ብዬ ተረጎምኩት። ወይዘሮዋ ትርጉሙን አነበቡና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ወንድሜ፣ ይህማ ካለፈ ሦስት ዓመቱ! ቀጠሮዬ አመለጠኝ ማለት ነው?»

«አላውቅም» ማለት አሳፈረኝና «የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ጠየቁም። አዋቂ ነኝ ባዩ ደላላ «ያለፈውን ቀጠሮ አሳድስልዎታለሁ» ብሎ የስፌት መኪናቸውን አሸጣቸው። የሚታደስ ቀጠሮ ግን አልነበረም። ያ ቀን የወንድማቸው ማመልከቻ ለአሜሪካ መንግሥት የደረሰበት፣ ማለትም ተራ የተያዘበት ቀን ነው። ያለፈ ቀን መሆኑም ክፋት የለውም፤ እንዲያውም በራቀ ቁጥር ይሻላል።

የሰው መተዳደሪያ ያሸጠውን ያንን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝና ሙግቴን የምጀምረው ከራሴ ነው። ወገኖቻችንን የሚያጉላላው የአሜሪካ ሕግ ብቻ አይደለም። ሕጉን በገዛ ቋንቋችን በትክክል ለመናገር አለመትጋታችንም አብሮ ያጉላላቸዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዲቪ ስንሞላ ስለኖርን አሜሪካ መሄድን ሁሉ ዕጣና ዕድል አድርገን ማየት ለምዶብናል። የቤተሰብ ማመልከቻ ግን ዕጣ አይደለም። ሰልፍ ነው፤ ሰልፍ ደግሞ ደንብ አለው።

ደንቡ ይህን ይመስላል። የአሜሪካ ዜጋ የትዳር ጓደኛ፣ ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ እንዲሁም ዜጋው 21 ዓመት ከሞላው ወላጆቹ ከነጭራሹ ሰልፍ አይገቡም፤ ለእነርሱ የቁጥር ገደብ የለም። ሰልፉ የሚጀምረው ከእነዚህ ውጭ ላሉት ነው። ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ያገቡ ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም የግሪን ካርድ ባለቤት የትዳር ጓደኛና ያላገቡ ልጆች በየምድባቸው ይሰለፋሉ። ለእህትና ለወንድም የተመደበው ከመላው ዓለም በዓመት 65,000 ቪዛ ነው። በዚህ ላይ ተራው የደረሰው ሰው ብቻ ሳይሆን ሚስቱና ልጆቹም ከዚሁ ቁጥር ላይ ይቆጠራሉ። አራት ልጆች ያሉት አንድ ወንድም ከነባለቤቱ ስድስት ቪዛ ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የተቆረጠው በ1990 በወጣው ሕግ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ከፍ አላለም፤ ተሰላፊው ግን በዝቷል።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ «ቪዛ ቡለቲን» የሚባል ሰንጠረዥ ያወጣል። በሰንጠረዡ ውስጥ በየምድቡ አንድ ቀን ይጻፋል፤ ተራ የያዙበት ቀን ከዚያ የቀደመ ከሆነ ተራዎ ደርሷል። ሕንድ፣ ቻይና፣ ሜክሲኮና ፊሊፒንስ የየራሳቸው ዓምድ አላቸው። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ ወይም በኬንያ የተወለደ ሰው የሚያየው የሌላውን ዓለም በጠቅላላ የያዘውን ዓምድ ነው። ይህን ለማንበብ ደላላ አያስፈልግም፤ ሰንጠረዡ በነጻ ይወጣል።

ደላላው ግን ሌላ ሒሳብ ያስተምራል። «አሁን የሚጠሩት የ2008ን ነው፤ አንተ የያዝከው በ2015 ነው፤ ሰባት ዓመት ቀረህ» ይላል። ይህ ሒሳብ ስሕተት ነው። በ2008 መጀመሪያ ላይ በወንድምና እህት ምድብ ይጠራ የነበረው በ1997 ያመለከተ ሰው ነበር። በ2025 መጨረሻ ላይ የሚጠራው በጃንዋሪ 2008 ያመለከተ ሆነ። እንግዲህ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሰልፉ የተራመደው አሥራ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ቀኑ ወራት ሙሉ ሊቆም፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ፊት የሚያሳልፍ ሰው የለም። በታክሲ ተራ እንኳ ተራ አስከባሪው የሚቆመው ከሰልፉ አጠገብ ነው፤ የእኛ ደላላ ግን ሰልፉ የት እንዳለ ሳያይ ተራ አስከባሪ ነኝ ይላል።

«ማወቁ ወረፋውን አያሳጥር፤ ምን ይጠቅማል? ለሰው ተስፋውን ተውለት» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ደግነታቸው ይገባኛል፤ ነገሩን ግን አልቀበልም። ሁለት ዓመት የሚጠብቅ ሰውና አሥራ ሰባት ዓመት የሚጠብቅ ሰው አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም። የመጀመሪያው ሱቁን ቢዘጋ ምናልባት ይፈረድለታል። ሁለተኛው ግን ሱቁን ማስፋት፣ ልጁን ማስተማር፣ ቤቱን ማደስ ይገባዋል። «ዛሬ ነገ ይጠሩኛል» እያሉ ሳይማሩ፣ ሳይነግዱ፣ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የሸመገሉ ሰዎች በዚህ ከተማ አሉ። ያንን ተስፋ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ሌሎች ደግሞ «ጥፋቱ የሕጉ ነው፤ ለምን የራስህን ሰው ትወቅሳለህ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ወንድምን ከእህቱ አሥራ ሰባት ዓመት የሚያቆይ ሕግ ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም። በጃንዋሪ 2026 ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ለጊዜው ማቆሙን አስታውቋል። ለረጅም ዘመን ለተሰለፈ ሰው ይህ ከባድ ዱላ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ተራ የያዙበትን ቀን አይሰርዝም። ይህን የማያውቅ ሰው «ፋይልህ ተቃጥሏል፣ እንደ ገና እንክፈት» ለሚለው ደላላ ሲሳይ ይሆናል። ሕጉን የምንለውጠው እኛ አይደለንም፤ የምንናገረውን ቃል ግን ማረም እንችላለን።

አለማወቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ያየሁት በእነዚያው ወይዘሮ ቤት ነው። ተራቸው በ2016 ደረሰ። በ1994 የተወለደው ልጃቸው ያን ጊዜ 22 ዓመት ሞልቶት ነበር። ጉዳዩን የያዘላቸው ሰው «ከ21 አልፏል፣ አይሄድም» አላቸው፤ አልቅሰው ትተውት ሄዱ። በ2018 ልጁ ራሱ እናቱ አዲስ ላስገቡለት ማመልከቻ የልደት ወረቀቱን ሊያስተረጉም ወደ እኔ መጣ። የድሮውን ደብዳቤ አወጣሁና የወረቀት ጀርባ ላይ ስሌቱን ሠራሁ። በ2002 የወጣው የልጆችን ዕድሜ የሚጠብቀው ሕግ ማመልከቻው ውሳኔ ሳያገኝ የቆየበት ጊዜ ከልጁ ዕድሜ እንዲቀነስ ያዛል። የእናቱ ማመልከቻ ከ2003 እስከ 2006 ውሳኔ ሲጠብቅ ቆይቷል፤ ሦስት ዓመት። ከ22 ላይ 3 ሲቀነስ 19። ከእናቱ ጋር መሄድ ይችል ነበር። ሕጉ ግን ተራ በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ቪዛውን መጠየቅን ግድ ይላልና ጊዜው አልፎ ነበር። ልጁ ወረቀቱን አየ፤ አጠፈውና ኪሱ ከተተው። ዛሬም በሌላ ምድብ ሌላ ሰልፍ ላይ ነው። እናቱ ዜግነት ከማግኘታቸው በፊት ቢያገባ ያ ማመልከቻ እንደሚፈርስ የነገርኩትም እኔ ነኝ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ። «ፕራዮሪቲ ዴት»ን «የቀጠሮ ቀን» አትበሉ፤ «ተራ የተያዘበት ቀን» በሉ። የልደት ወረቀት ላይ 1996 የሚል ስታዩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጠይቁ አትገልብጡ። በእኛ አቆጣጠር 1996 የተወለደ ልጅ በእነርሱ 2003 ወይም 2004 የተወለደ ነው፤ በአንድ የብዕር ስሕተት ሰባት ስምንት ዓመት ዕድሜ ጨምረን ከእናቱ ቪዛ ልናስወጣው እንችላለን።

አሜሪካ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶችም «ፕሮሰስ ጀምሬልሃለሁ፣ አይዞህ» ማለት ብቻ አይበቃም። ተራ የተያዘበትን ቀን፣ ምድቡንና ማመልከቻው የጸደቀበትን ቀን የያዙትን ወረቀቶች ቅጂ ላኩ። እዚህ ያለን ደግሞ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት እነዚህን ሦስቱን እንጠይቅ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አበው። ሦስቱን ያልጠየቀ አዋቂ ነኝ ባይ «ልጨርስልህ» ካለን፣ የስፌት መኪናችን እንዳለች ትቀመጥ።