ውዝፍ ደመወዝና የወር ድጎማ

በእንግሊዝና በዌልስ የማዘጋጃ ቤትና የትምህርት ቤት ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ የሚታሰበው ከኤፕሪል 1 ቀን ጀምሮ ነው፤ ድርድሩ ግን ብዙ ጊዜ እስከ ዓመቱ መገባደጃ ይጓተታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ስምምነት የተደረሰው ኖቬምበር 1 ቀን ነበር፤ በ2024 ደግሞ ኦክቶበር 22 ቀን። ስለዚህ ሠራተኛው የሰባት ወር ጭማሪውን ተጠቃሎ ባንድ ቀን ይቀበላል። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ይህ የምሥራች ነው፤ ደመወዙ አነስተኛ ሆኖ ከመንግሥት ድጎማ ለሚቀበለው ሠራተኛ ግን ደስታው ወር አይሞላም።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለው ድጎማ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፥ የሚተመነው በየወሩ ነው። አሠሪው ደመወዝ በከፈለ ቁጥር ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያስታውቃል፤ ገንዘቡም በተከፈለበት ወር ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። ስንት ወር የተሠራበት ዋጋ እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። ልጅ ያላቸውና በሕመም ምክንያት የመሥራት ዐቅማቸው የተወሰነ ሰዎች ድጎማቸው ሳይነካ ሊያገኙት የሚችሉት መጠን ተወስኖላቸዋል፤ ከዚያ በላይ ባለው በያንዳንዱ ፓውንድ ላይ ከ2021 መጨረሻ ወዲህ 55 ሳንቲም ከድጎማው ይቀነሳል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ይገለጻል። ልጅ ያላት፥ የቤት ኪራይ ድጎማ የማትቀበል፥ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሙሉ ጊዜውን ሲሶ የምትሠራ ሴት በወር 620 ፓውንድ ታገኛለች እንበል። በ2024 የተፈቀደው ጭማሪ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በዓመት 1,290 ፓውንድ ስለ ነበር፥ የርሷ ድርሻ በወር 36 ፓውንድ ያህል ነው። ደመወዟ 656 ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ዓመት ለርሷ ዓይነቱ ሰው የተፈቀደው ወሰን 673 ፓውንድ ነበርና፥ ጭማሪው በየወሩ ቢከፈላት ኖሮ ከድጎማዋ አንዲት ሳንቲም ባልጎደለባት ነበር። ነገር ግን የሰባት ወሩ ውዝፍ 251 ፓውንድ በኖቬምበር ባንድነት ሲከፈላት የወሩ ገቢዋ 907 ይደርሳል፤ ከወሰኑ 234 ፓውንድ ያልፋል፤ ድጎማዋም በ129 ፓውንድ ይቀነሳል። የጡረታው መዋጮ ሳይታሰብ፥ ከውዝፉ እኩሌታ በላይ የሚሆነው ሄደ። ሥራዋ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አሠሪዋ የከፈለበት ቀን ብቻ ነው።

በእውነቱ ሁሉም እንዲህ አይጎዳም። ገቢው ቀድሞውኑ ከወሰኑ በላይ የሆነ ሰው ጭማሪውን በየወሩ ቢቀበልም ባንድ ጊዜ ቢቀበልም በጠቅላላው የሚቀነስበት አንድ ነው። የርሱ ችግር ጊዜ ነው። ውዝፉን በተቀበለበት ሳምንት የባለ ሱቁን ዱቤ ይከፍላል፥ ለልጁ ጫማ ይገዛል፥ አገር ቤት ዘመድ ያለውም ለገና ብሎ ጥቂት ይልካል፤ ድጎማው ሲቀንስበት ግን በእጁ የተረፈ የለውም፤ ወደ ዱቤው መዝገብም ይመለሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ድጎማው ጨርሶ ባዶ የሆነበት ሰው ነው። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት ለኑሮ ውድነት ማቃለያ ብሎ 299 ፓውንድ ሲሰጥ፥ ገንዘቡ የተፈቀደው በ2023 ከኖቬምበር 13 እስከ ዲሴምበር 12 ባለው ጊዜ ውስጥ በተዘጋ የሒሳብ ወር ድጎማ ለተገባው ሰው ነበር። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችም ውዝፍ መከፈል የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። በውዝፉ ምክንያት ድጎማው ለአንድ ወር ዜሮ የሆነበት ሠራተኛ 299ኙንም ያጣ ነበር።

ነጋዴ ይህን ከማንም ይልቅ በቀላሉ ሊያስተውለው ይገባል። በሐምሌ የተሸጠ ዕቃ ዋጋው በኅዳር ቢሰበሰብ፥ ሒሳብ ዐዋቂው ሽያጩን በሐምሌ ይመዘግበዋል እንጂ የኅዳር ትርፍ ነው አይልም። ለትልቅ ኩባንያ የተገባ የሒሳብ ሥርዓት ለወጥ ቤት ሠራተኛዋ የሚከለከልበት ምክንያት አይታይም።

ባለሥልጣኖቹ የሚሰጡት መልስ፥ ሥራው በመኪና የሚከናወን ስለ ሆነ እያንዳንዱን ክፍያ መመርመር አይቻልም የሚል ነው። ይህ መልስ አንድ ጊዜ ተሞክሮ ወድቋል። የደመወዝ ቀናቸው በዕረፍት ቀን ላይ እየዋለ፥ በአንድ የሒሳብ ወር ሁለት ደመወዝ እየተቆጠረባቸው የተጎዱ አራት ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ተካሰው፥ የይግባኙ ፍርድ ቤት በጁን 2020 ፈርዶላቸዋል፤ ደንቡም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ተሻሻለ። ማሻሻያው ግን በየወሩ ለሚከፈል መደበኛ ደመወዝ እንጂ ለውዝፍ የታሰበ አይደለም። ከዩኒቨርሳል ክሬዲት በፊት የነበረው ድጎማ በዓመት ገቢ ይሰላ ስለ ነበር የራሱ ብዙ ጣጣ ነበረበት፤ ቢሆንም የአንድ ወር ውዝፍ እንዲህ አያናጋውም ነበር።

ደግሞም አሠሪው የውዝፉን የወር ዝርዝር በእጁ ይዟል፤ ያለዚያማ ድምሩን ከየት አገኘው? ያንኑ ዝርዝር ከክፍያው ጋራ እንዲልክ ማዘዝና ገንዘቡን ለየወሩ መመደብ የሚበቃ ነበር።

ይህ እስኪሆን ድረስ የጥፋቱ መጀመሪያ ድርድሩን ሰባት ወር የሚያጓትቱት ወገኖች ናቸው። በለንደን ሱቅ ከፍቶ ሁለት ሦስት ሠራተኛ የቀጠረ ነጋዴም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ ጨመርሁልህ ብሎ በሜይ የሚከፍል ከሆነ፥ ያው ደንብ በሠራተኛው ላይ ይወድቃል። ጭማሪው በተነገረበት ወር መክፈል ለአሠሪው ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ለሠራተኛው ግን ከላይ እንደ ታየው 129 ፓውንድ ሊያወጣ ይችላል።