የአራዳ ድምፅ የት ገባ?

ምርጫ በመጣ ቁጥር በየመማሪያ ክፍሉና በየምግብ አዳራሹ አንድ ፍርድ ይሰማል፤ የአዲስ አበባ ሰው ሰነፍ ነው፣ ፖለቲካ በቡና ላይ ያወራል እንጂ የምርጫ ካርድ ለማውጣት እግሩን አያነሣም የሚል ነው። ይህን የሚሉት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ከመምህራኖቻችንም መካከል የሚስማሙበት አሉ። እኛ ግን ፍርዱ ችኩል ነው እንላለን።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ይኸው ሰነፍ የተባለው ሕዝብ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ ነበር። ባለሱቁ፣ ጡረተኛው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ ሥራ ፈላጊው ወጣት በአንድ ሰልፍ ቆመው ዋሉ፤ ያመሹም ነበሩ። ዝንባሌአቸውም የተሰወረ አልነበረም። ከተማዋ በተወካዮች ምክር ቤት ያላትን 23 መቀመጫ ሁሉ፣ ከከተማው ምክር ቤትም ከ138 መቀመጫ 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች። ከዚያስ? በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ጥይት ተተኮሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የ193 ሲቪሎችን ሞት መዘገበ። የተመረጡት ከፊሉ ታሰሩ፤ ምክር ቤቱ ሳይቆም ቀርቶ ከተማዋ ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። በ2000 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ደግሞ ገዢው ፓርቲ የከተማውን ምክር ቤት ጠቅልሎ ያዘው። የአራዳ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ አሳቡን እንዲህ ገለበጠ ብሎ የሚያምን ካለ፣ እስቲ ከዶሮ ማነቂያ ሰው አንዱን ይጠይቅ። መጀመሪያ ግን ሰውየውን ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል፤ ወደዚህ ጉዳይ እንመለሳለን።

የመራጭ ብዛት ብቻውን የሕዝብ ፈቃድ ማስረጃ ተደርጎ ሲቆጠርም እናያለን። በጥር 1979 ዓ.ም. በሕገ መንግሥቱ ላይ በተሰጠው ድምፅ ከመራጩ 96 በመቶ ወጣ፣ 81 በመቶውም ደገፈ ተባለ። ማን ቀረ ብሎ ቀበሌ በሚጠይቅበት ዘመን የማይወጣ ማን ነው? ከአራት ዓመት በኋላ ያ መንግሥት ወደቀ። በ2007 ዓ.ም. ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ አንድ ሳያስቀሩ ወሰዱ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሕዝብ ተቃውሞ መካከል ሥራቸውን ለቀቁ።

ከእኛ ከአራት ኪሎ ተማሪዎች ፓርላማው ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ እንደራሴዎች በሕዝብ ድምፅ ሲገቡበት ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ያሻ ነበር፤ ስለዚህ ድኻው ጭሰኛ የሚመርጠው ጌታውን ወይም የጌታውን ቢጤ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀደሙን ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደዚያው በር የሄዱት ስለዚህ ነው። ምርጫን የናቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ማን ማንን እንደሚመርጥ ግን ጠይቀው ነበር።

አሁን ደግሞ ያ ጥያቄ በሌላ መልክ መጥቷል። ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ የአራት ኪሎም አካባቢ ሲፈርስ፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪው ገላን ጉራንና ሌሎች ዳር ሰፈሮችን ደረሰው፤ ከግለሰብ ተከራይቶ ይኖር የነበረው እንደየአቅሙ ተበተነ። መንገዱ ሰፋ፣ አምፑሉም አማረ፤ አንክድም። ዳሩ ግን የሰፈር የፖለቲካ ዝንባሌ በፓርቲ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ነገር አይደለም። በዕድር ድንኳን ሥር፣ በጠጅ ቤት፣ ውኃ ሲጠፋ በቧንቧ ወረፋ ላይ ነው የሚጠነሰሰው። እማማ እገሌ የሚያምኑትን እጩ ጎረቤቶቻቸው ያምኑታል፤ እሳቸው «እንሂድ» ካሉ አጥሩ ሁሉ ይወጣል። ዕድሩ ሲበተን ይህ ሁሉ አብሮ ይበተናል። የምርጫ አዋጁ (ቁጥር 1162/2011) መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲኖር ያዛል፤ አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ስድስቱን ወር ቢጨርስ እንኳ ስለሚመርጠው ሰው የሚጠይቀው ጎረቤት ገና አላበጀም። እንዲህ ያለው ሰው ካርድ ሳያወጣ ቢቀር ሰነፍ ይባላል?

ስለዚህ ማኅበራችን ከንግግር ይልቅ ሥራ እንዲጀምር እንጠይቃለን። የስታትስቲክስና የሶሺዮሎጂ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው፣ ፈረሳው ያስነሣቸውን የአራዳ ሰዎች ባሉበት ሄደው ይጠይቁ፤ ማን ተመዘገበ፣ ማን አልተመዘገበም፣ ያልተመዘገበውስ ለምን? ስም አይጻፍ፣ የማንን ፓርቲ እንደሚደግፉም አይጠየቁ፤ ይህን ዓይነት ጥያቄ ከቀበሌ ሰምተው የጠገቡ ሰዎች ናቸው። በምርጫው ማግስትም በየጣቢያው የሚለጠፈውን ውጤት ገልብጠን በዚህ ጋዜጣ እናወጣዋለን። ፈቃደኞች ስማቸውን እስከ ዓርብ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ፤ የአውቶቡስ ዋጋ ግን ከየኪሳችን ነው።